የቀድሞ ቪዲዮ ጌሞች ዳግም እትም፦ በዘመናዊ ኮንሶል ላይ ምን ተመለሰ?

እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «ሶኒክ ዘ ሄጅሆግ» በመጀመሪያው ደረጃው፣ በግሪን ሂል ዞን፣ ፏፏቴ አለው። ጨዋታው በተሠራበት የሴጋ ሜጋ ድራይቭ ኮንሶልና በዘመኑ ወፍራም ቴሌቪዥን ውሃው ስስ ነው፤ ከበስተጀርባው ያለው ነገር ይታያል። በዛሬ ኮንሶልና በጠፍጣፋ ስክሪን ግን ያው ፏፏቴ ቀጥ ብለው የወረዱ መስመሮች ሆኖ ይገኛል። ከኮዱ የተለወጠ ነገር የለም። ሜጋ ድራይቭ አንዱን ምስል በሌላው ላይ አሳስቶ የማሳየት አቅሙ ደካማ ስለነበር፣ ሠዓሊዎቹ አንድ ረድፍ ቀብተው አንድ ረድፍ እየዘለሉ ሣሉ። የዘመኑ የኮምፖዚት ገመድ ጎን ለጎን ያሉ ቀለሞችን ስለሚያደባልቅ መስመሮቹ ተዋሕደው ውሃ ሆኑ። በዘመናዊው የኤችዲኤምአይ ገመድ ሲወጣ እያንዳንዱ ፒክስል ለብቻው ጥርት ብሎ ይቆማል፤ ጥራቱም ውሃውን መልሶ መስመር አደረገው።

ቪዲዮ ጌም ኮዱ፣ ስክሪኑ፣ ጆይስቲኩና የተጫዋቹ እጅ ሲገናኙ የሚፈጸም ሥራ ነው። የቀድሞ ጌም በአዲስ ኮንሶል «ተመለሰ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የተመለሰው ኮዱ ብቻ ነው፤ ሌላውን አሳታሚው በራሱ ውሳኔ ተክቶታል። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያም ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ዳግም እትም ትርጓሜ ስለሆነ እንደ ትርጓሜ ሊመዘን ይገባል። የለወጠውን የሚናገር፣ ዋናውን ከጎኑ የሚያስቀምጥና ነገም የሚገኝ እትም መልካም እትም ነው። ይህን የማያደርግ እትም የቱንም ያህል ቢያምር ጎዶሎ ነው።

የማሽኑ ድክመት ራሱ የሥራው አካል የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በ1978 ለታይቶ ኩባንያ በሠሩት «ስፔስ ኢንቬደርስ» 55 ወራሪዎች ተሰልፈው ይወርዳሉ። ማሽኑ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ስለማይችል ተራ በተራ ያንቀሳቅሳቸዋል፤ ተጫዋቹ በጣለ ቁጥር የቀሩት ተራቸው ቶሎ ቶሎ ይደርሳቸውና ይፈጥናሉ። ኒሺካዶ ይህን አላረሙትም፤ እንዳለ ተዉት። የመጨረሻው ወራሪ ሲከንፍ የሚይዘን ጭንቀት ከዚህ የመጣ ነው። ይህን ጨዋታ በፈጣን ማሽን ላይ የሚያድስ ባለሙያ ዝግታውን ሆን ብሎ መሥራት አለበት። የ1984ቱ የዳክዬ አደን ጨዋታ «ደክ ሀንት» ዕጣ ደግሞ ከዚህ የጠና ነው። ተጫዋቹ የያዘው የፕላስቲክ ሽጉጥ ሲተኮስ ስክሪኑ ለአፍታ ይጨልማል፤ ዳክዬው ባለበት ቦታም ነጭ አራት ማዕዘን ብልጭ ይላል። በአፈሙዙ ውስጥ ያለው የብርሃን መቀበያ ያን ብልጭታ ካገኘ ዳክዬው ተመታ ማለት ነው። አሠራሩ ወፍራሙ ቴሌቪዥን ምስል በሚሥልበት ፍጥነት ላይ የቆመ ስለሆነ በጠፍጣፋ ስክሪን አይሠራም። ኒንቴንዶ በ2014 ዊ ዩ ለተባለው ኮንሶሉ ሲያወጣው ሽጉጡን በዊ ሪሞት ተካው። ዳክዬዎቹ ያው ናቸው፤ የእጁ ሥራ ግን ሌላ ሆኗል።

የጊዜ ጉዳይ ከስክሪኑም በላይ ይከብዳል። ሺጌሩ ሚያሞቶና ታካሺ ቴዙካ የነደፉት «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» (1985) ሙሉ በሙሉ በ40 ኪሎባይት የተቀመጠ ነው፤ ቦታ ለመቆጠብ ደመናውና ቁጥቋጦው አንድ ሥዕል ሆነው በቀለም ብቻ ይለያያሉ። በዚህ ጥበት ውስጥ የመጀመሪያው ደረጃ ያለ አንድ ቃል ያስተምራል። ማሪዮ በስተግራ ይቆማል፤ በስተቀኝ ያለው ሜዳ ባዶ ስለሆነ ወዴት መሄድ እንዳለበት ይታወቃል። ጉምባ የተባለው ጠላት ወደ እሱ ይመጣል፤ ያልዘለለ ይሞታል። ከዚያ ከጥያቄ ምልክቱ ሳጥን እንጉዳይ ይወጣል፣ ወደ ቀኝ ተንሸራቶ ከቱቦው ጋር ይጋጭና ወደ ተጫዋቹ ይመለሳል። እንጉዳዩን ጠላት መስሎት የሚሸሽ ጀማሪ በላዩ ባሉት ጡቦች ምክንያት ማምለጥ ይቸግረዋል፤ ሲነካው ያድጋል፣ ወዳጅ መሆኑንም ይማራል። ይህ ሁሉ የታሰበበት መሆኑን ሚያሞቶ ራሳቸው በቃለ ምልልስ አስረድተዋል። የዚህ ሁሉ መሠረት ደግሞ አንድ ጥብቅ ሕግ ነው፤ ስክሪኑ ወደ ቀኝ ብቻ ይሄዳል። ያለፈ ቦታ አይመለስም፤ የጠፋች ነፍስም ዋጋ አላት።

በ2018 የተጀመረው የኒንቴንዶ ስዊች ኦንላይን አገልግሎት ይህንኑ ጨዋታ ሲያቀርብ የትም ቦታ ሴቭ ማድረግን ፈቀደ፤ በ2019 ደግሞ ወደኋላ ማጠንጠንን ጨመረ። ሁለት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ገደል የገባው ማሪዮ ወደ ዳር ይመለሳል። ያለፈውን ላለመመለስ የተሠራ ጨዋታ፣ በዙሪያው በተሰፋለት ሌላ ፕሮግራም አማካይነት፣ ያለፈውን ሁሉ ይመልሳል። ለዚህ አገልግሎት ጥብቅና መቆም ይቻላል፤ እኔም እቆማለሁ። እጁ እንደ ልብ የማይታዘዝለት ሰው፣ ጊዜ ያጠረው ሠራተኛ፣ በዚያ ዘመን ያልተወለደ ልጅ በዚህ በር ገብተው ፍጻሜውን ያያሉ። ነገር ግን በማጠንጠን የተጫወተ ሰው የሥዕሉንና የሙዚቃውን እንጂ የንድፉን ፍርድ ለመስጠት ገና ነው። በጨዋታው ስምንት ዓለማት መጨረሻ ያሉት ግንቦች ለምን እንደሚያስፈሩ የሚያውቀው የመጨረሻ ነፍሱን ይዞ የገባባቸው ነው። ሁለቱ ንባቦች የተለያዩ መሆናቸውን ኮንሶሉ ሊነግረን ይገባ ነበር፤ አይነግረንም።

ከመሠረቱ ታድሶ በተሠራ ጌም ላይ ጥያቄው ወደ ስሜት ይሸጋገራል። የፉሚቶ ኡዌዳ «ሻዶ ኦቭ ዘ ኮሎሰስ» በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ፤ ብሉፖይንት የተባለው ስቱዲዮ በ2018 ለፕሌይስቴሽን 4 እንደ አዲስ ሠራው። 16ቱ ግዙፍ ፍጡራን በቦታቸው አሉ፤ የሚገደሉበትም መንገድ ያው ነው። በመጀመሪያው እትም ግን ምድሩ የገረጣ ነው፤ ብርሃኑ ያጥበረብራል፣ ርቀቱን ጭጋግ ይውጠዋል፣ ኮንሶሉ ከአቅሙ በላይ ስለተጫነም ምስሉ ይንቀራፈፋል። በአዲሱ ሣሩ ለምልሟል፣ የፍጡሩ ጠጉር በየክሩ ይታያል፣ እንቅስቃሴውም ያለ እንከን ይፈስሳል። ውበቱ የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ ታሪኩ የሞተች ልጅ ለማስነሳት ሲል ምንም ያልበደሉትን ፍጡራን ስለሚገድል ብቸኛ ወጣት ነው። የገረጣው ምድር የድርጊቱን ጥርጣሬ ይሸከም ነበር፤ የለመለመው ምድር ሽርሽር ይጋብዛል። አዲሱ እትም ዋናውን በውስጡ ስላልያዘ አዲሱ ትውልድ ልዩነቱን አይቶ የሚፈርድበት ዕድል የለውም።

የመጨረሻው ጉዳይ የቁልፉ ነው፤ ቁልፉን የያዘው ማን ነው? ኒንቴንዶ ሦስት የማሪዮ ጨዋታዎችን የያዘውን «ሱፐር ማሪዮ 3ዲ ኦል-ስታርስ» በመስከረም 2020 አውጥቶ በመጋቢት 2021 መጨረሻ ራሱ ከሽያጭ አነሳው። ሴጋ በ2022 «ሶኒክ ኦሪጂንስ»ን ሊያወጣ ሲል የቀድሞዎቹን ዲጂታል እትሞች አብዛኞቹን ከመደብሮች አወረደ፤ በአዲሱ ስብስብ ውስጥ ደግሞ የሦስተኛው ሶኒክ ጥቂት ሙዚቃዎች በሌላ ተተክተዋል። የኒንቴንዶ ዊ ዩና 3ዲኤስ ኮንሶሎች ዲጂታል መደብሮች በመጋቢት 2023 ለገዢ ተዘጉ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ያወጣው ጥናት ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው በገበያ ላይ እንደማይገኙ አሳየ። ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪዎች ጌሞችን ከርቀት እንዲያጋሩ የቀረበው ጥያቄም በ2024 በአሜሪካ የቅጂ መብት ባለሥልጣናት ውድቅ ተደረገ። ኮንሶሉ ላይ የምናየው ረጅም ዝርዝር ታሪኩን የያዘ ይመስላል፤ የያዘው ግን አሳታሚው ዛሬ ሊሸጠው የፈለገውን ነው።

የተሻለ መንገድ ታይቷል። ዲጂታል ኢክሊፕስ የተባለው ስቱዲዮ በ2022 ያወጣው «አታሪ 50» የተሰኘ ስብስብ ከ90 በላይ ጨዋታዎችን በዘመን ቅደም ተከተል አስቀምጦ የሠሪዎቹን ቃለ ምልልስ፣ የንድፍ ወረቀቶችንና ማስታወቂያዎችን በመካከላቸው ያስገባል። በቀጣዩ ዓመት የወጣው «ዘ ሜኪንግ ኦቭ ካራቴካ» ደግሞ የጆርዳን ሜክነርን የ1984 ጨዋታ ከረቂቆቹና ከታደሰው ቅጂ ጋር አንድ ላይ ያቀርባል፤ አባታቸው ሙዚቃውን እንዴት እንደደረሱለትም ይተርካል። የቤተ ክህነት መምህር ንባቡን ሳይነካ «አንድም» እያለ ትርጓሜውን እንደሚደረድርበት፣ እነዚህ እትሞች ዋናውን ሳይነኩ ሐተታውን አጠገቡ ያኖራሉ። ተጫዋቹ ሁለቱንም አይቶ ይፈርዳል።

የጌም ሂስ እስካሁን በአብዛኛው «ዛሬም ያዝናናል ወይ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ይህ የገዢ ጥያቄ ነው፤ የሃያሲው ጥያቄ ሥራው ምን እንደነበረ፣ በዳግም እትሙ ምን እንደሆነና ለውጡን ማን እንደወሰነ ነው። አሳታሚዎች የለወጡትን በግልጽ ሊጽፉ፣ የመጀመሪያውን ቅጂ ከታደሰው ጋር ሊያስቀምጡ ይገባል፤ ቤተ መጻሕፍትም ገበያው የተወውን የማኖርና የማስነበብ መብት ሊያገኙ ይገባል። ስለ ፊልምና ስለ መጽሐፍ ይህን መጠየቅ ማንንም አያስገርምም፤ የሦስት ትውልድ ልጅነት የተሠራበት ጥበብም ከዚህ ያነሰ አይገባውም።