ጥፋተኛውን ለውጥ ነቅሶ የሚያወጣ ትእዛዝ

ባለፈው ወር ያለ ችግር ያትም የነበረ ፕሮግራም ዛሬ አላትም ሲል ብዙ ፕሮግራመር ኮዱን ከላይ እስከ ታች መበርበር ይጀምራል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግበው ጊት ግን የተሻለ መላ አለው፤ ባይሴክት ይባላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለሙያው የተበላሸውን ቅጂ «ባድ»፣ ደህና የነበረውን «ጉድ» ብሎ ይነግረዋል። ጊት መሀል ላይ ያለውን ቅጂ ያወጣለታል፤ ተሞክሮ መልሱ ሲሰጠው የታሪኩን ግማሽ ይጥልና የቀረውን እንደገና ይከፍላል። ከ1,000 ለውጦች ጥፋተኛውን ለማግኘት 10 ያህል ሙከራ ይበቃል! «ራን» በሚለው ትእዛዝ መፈተሻ ስክሪፕት ከሰጡትማ ሰውየው ቡናውን እየጠጣ ማሽኑ ብቻውን ይጨርሰዋል፤ ስክሪፕቱ 0 ከመለሰ ደህና፣ 1 ከመለሰ ብልሹ፣ 125 ከመለሰ ደግሞ «ይህን እለፈው» ማለት ነው።

የሊኑክስ ከርነል አልሚዎች ፕሮግራመር ያልሆነ ተጠቃሚን ሳይቀር በዚህ መንገድ ጥፋቱን እንዲያጣራ ይጠይቃሉ።

የሳምንት ሥራውን በአንድ ኮሚት (በጊት በሚመዘገብ አንድ ለውጥ) ለሚያጭቅ ሰው ግን ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ፍለጋው የሚያደርሰው እዚያው ክምር ላይ ነውና። ስለዚህ ኮሚቶችዎን ትንንሽ ያድርጉ፤ ሲጨርሱም ወደ ነበሩበት ቅጂ ለመመለስ «ባይሴክት ሪሴት» ማለትን አይርሱ።