በ20 ዶላር የተሸጠው ዘፈን

ወገኖቼ፣ እባካችሁ ይህን ፊልም ከተቀበረበት አውጥታችሁ እዩት! «ዘ ሃርደር ዜይ ካም» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ፣ ጃማይካውያን በገዛ አገራቸው፣ በገዛ አነጋገራቸው፣ በገዛ ዘፈናቸው የሠሩት የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። ዘፈኖቹንማ የማያውቅ ማን አለ! ጂሚ ክሊፍን ያልሰማ ሬጌ ወዳድ አዲስ አበባ ውስጥ አይገኝም። የሚገርመው፣ ዘፈኖቹን እየሰማን ስንት ዘመን ኖረን ፊልሙን ያየ ሰው መጥፋቱ ነው። ልደታ ውስጥ ጠይቄ ጠይቄ አንድም አላገኘሁም። አሁን ግን ቢያንስ የእኛ ብሎክ ሰው አይቶታል። ከውጭ የመጣ ብሉሬይ ዲስክ እጄ ገባ፣ ፕሮጀክተር ተዋስን፣ የኮንዶሚኒየማችን ኮሚናል ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጠርን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ቃል ያጥረኛል፤ ግን እሞክራለሁ።

ምን ዓይነት ፊልም ነው? የወንጀል ፊልም ነው ብላችሁ ትጀምሩታላችሁ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ዘፈን ያጥለቀልቃችኋል። የሙዚቃ ፊልም ነው ስትሉ ከገጠር ከተማ የገባ ምስኪን ልጅ መከራ ይሆንባችኋል። ለልጁ አንጀታችሁ መንሰፍሰፍ ሲጀምር ደግሞ ካውቦይ ሆኖ ሁለት ሽጉጥ ይመዛል። ብዙ ፊልም ይህን ሁሉ ልቀላቅል ብሎ ተበላሽቷል። ይሄኛው የተዋጣለት፣ ዘፈኑና ወንጀሉ አንድ ታሪክ ስለሆኑ ነው። ልጁ ሽጉጥ የሚያነሣው ዘፈኑን ስለተቀማ ነው!

ታሪኩ መነሻው እውነት ነው። ራይጂንግ በሚል ቅጽል የሚታወቅ ቪንሰንት ማርቲን የሚባል ሽፍታ እ.ኤ.አ. በ1948 ጃማይካን ሲያምስ ቆይቶ በፖሊስ ተገድሏል። ሕዝቡ ግን ስሙን አልጣለውም። ዳይሬክተሩ ፔሪ ሄንዜልና አብሮት የጻፈው ትሬቨር ሮን ያንን ሽፍታ ወስደው በራሳቸው ዘመን አስቀመጡት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዘፋኝ አደረጉት። እውነተኛው ሰውዬ ዘፋኝ አልነበረም። ፊልሙን ፊልም ያደረገው ይህች አንዲት ውሳኔ ናት፣ እላለሁ።

ጂሚ ክሊፍ የሚጫወተው ኢቫን አያቱ ሞተውበት በአውቶቡስ ኪንግስተን ይገባል። ገና እግሩ መሬት ከመርገጡ ዕቃውን ጋሪ ገፊ ይዞበት ይሰወራል። እናቱ «አገርህ ተመለስ» ትለዋለች። አንድ ሰባኪ ዘንድ ሥራ ያገኛል፣ ሰባኪው የሚያሳድጋትን ኤልሳን ይወዳል፣ በብስክሌት ጠብ ሰው በስለት ቆርጦ የግርፋት ፍርድ ይቀበላል። የፍርዱ ትዕይንት ሲመጣ ኮሚናሉ ውስጥ ጸጥ አለ። የልደታን ፍርድ ቤት በየቀኑ የሚያይ ሰፈር ነውና፣ ሰው በዳኛ ፊት እንዴት እንደሚያንስ ለእኛ ማንም ሊያስተምረን አይችልም።

ከዚያ ስቱዲዮው! መጀመሪያ ቱትስ ኤንድ ዘ ሜይታልስ ሲቀረጹ ኢቫን ቆሞ ያያል። እውነተኞቹ ሜይታልስ ናቸው፤ የተዋናይ አስመሳይ አይደሉም። ሦስት ሰዎች ማይክ ፊት ቆመው እንደዚያ ሲዘፍኑ፣ ካሜራው ወደ ኢቫን ሲዞር፣ የጂሚ ክሊፍ ፊት ላይ የምታዩት ምኞት ለአንድ ፊልም ብቻውን ይበቃው ነበር። ቀጥሎ ተራው ደርሶ የፊልሙን መጠሪያ ዘፈን እሱ ራሱ ሲዘፍን ያ ልጅ ነፃ ነው፤ እስከ መጨረሻው ድረስ እንደዚያ ነፃ የሚሆንበት ሌላ ሰዓት አያገኝም። ዘፈኑ አልቆ ከአሳታሚው ከሂልተን ፊት ሲቀርብ «20 ዶላር» ይባላል። ኢቫን እምቢ ይላል። ሸክላውን ብብቱ ሥር አድርጎ ሬዲዮ ጣቢያ ይሄዳል፣ ጭፈራ ቤት ይሄዳል፤ ያለ ሂልተን ፈቃድ የሚያጫውትለት ያጣል። ተመልሶ ይፈርማል። ይህችን ፊርማ ልብ በሉልኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ተኩስ ሁሉ ከእሷ ይመጣል። ሂልተን ደግሞ ዘፈኑን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ገንዘብ የሚቸግረው ኢቫን ወደ ጋንጃ ንግድ ይገባል፣ ፖሊስ ላይ ይተኩሳል፣ ይሸፍታል። በዚያን ጊዜ ነው ዘፈኑ አንደኛ የሚወጣው! የሚታደነው ሰውዬ በየሬዲዮው ይዘፍናል።

እዚህ ላይ አምሃ እሸቴን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ እዚህ አዲስ አበባ ሸክላ ማሳተም ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ መብት ሆኖ ሳለ አምሃ ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ከፈተ። እነ ጥላሁን፣ እነ ማሕሙድ፣ እነ ዓለማየሁ እሸቴ የሠሩትን ዛሬ የምንሰማው በእንዲህ ዓይነት ድፍረት ነው። ኪንግስተን ላይ ኢቫን የጮኸለትን በር ያ ወጣት እዚህ ገፍቶ ከፍቶታል። ፊልሙን ስታዩ አስቡት።

የምወደው ትዕይንት ግን ሌላ ነው። ኢቫን በመጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆዜ የሚባል ጎረምሳ ሪያልቶ ሲኒማ ይወስደዋል። የሚታየው «ጃንጎ» ነው፤ ፍራንኮ ኔሮ ከሬሳ ሣጥን መትረየስ አውጥቶ ቀይ ጭምብል ያጠለቁትን ሲያጭድ። አዳራሹ ይናጣል! ከኢቫን አጠገብ ያለው ተመልካች አክተሩ ከመጨረሻው ጥቅል በፊት እንደማይሞት ይናገራል። ኮሚናላችን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «አክተር አይሞትም!» ብሎ ጮኸ። አንድ ሰው አስተባብሮ ያስጮኸን ይመስል ነበር። በቪዲዮ ቤት ወንበር ላይ ተጨናንቆ ያደገ ሁሉ ይህን ሕግ ያውቀዋል፤ አክተሩ ሲመታ ደሙን ጠርጎ ይነሣል። ኢቫንም አምኖታል። ፎቶ ቤት ገብቶ ሁለት ሽጉጥ ይዞ የተነሣው ለዚህ ነው። መጨረሻ ላይ በባሕር ዳርቻው ከወታደር ጋር ሲፋጠጥ ሄንዜል በመሃል በመሃል እነዚያን የሪያልቶ ተመልካቾች እየመለሰ ያሳየናል፤ አሁን የሚጮኹት ለኢቫን ነው። የሲኒማን ፍቅር እንዲህ አድርጎ ያከበረና ያስከፈለ ሌላ ትዕይንት አላውቅም።

እስቲ ስለ ምስሉ። ይህ ነው ያሳበደኝ!

ሄንዜል ብዙ ገንዘብ አልነበረውም። ገንዘብ ሲያልቅ ቀረጻው ይቆማል፤ ሲገኝ ይቀጥላል። የቀረጸውም በ16 ሚሊሜትር ፊልም ነው። የ16 ሚሊሜትር አንድ ፍሬም ስፋቱ የ35 ሚሊሜትሩን ሩብ እንኳ አይሞላም። ሲኒማ ቤት ለማሳየት ያቺን ትንሽ ምስል አሳድጎ ወደ 35 ማዛወር ነበረበት። ምስል በተገለበጠ ቁጥር ይደክማል፤ ጥቁሩ ይዘጋል፣ ቀለሙ ይነጣል፣ የሰው ፊት ይፈስሳል። ከዓመታት በፊት በፍላሽ የደረሰኝ ቅጂ ከዚያም የባሰ ነበር። ማታ ማታ የሚሆነው ሁሉ ጥቀርሻ ነው፤ ማን ማንን እንደተኮሰ በድምፁ ብቻ ነበር የሚለየው። በዚህ ምክንያት ስንቱ ሰው ድሃ ፊልም መስሎት አቋርጦት ይሆን!

እ.ኤ.አ. በ2019 ሻውት ፋክተሪ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በሦስት ዲስክ ባወጣው ብሉሬይ ግን ካሜራው ውስጥ ያለፈውን የ16 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ ራሱን በ4ኬ ቃኝተውታል። በመካከል ያሉት ቅጂዎች ሁሉ ተዘለሉ ማለት ነው። ሄንዜል ያየውን አየን! ቅንጣቱ አለ፤ ሰማዩ ላይ፣ ግድግዳው ላይ ይርመሰመሳል፤ መኖርም አለበት፤ የ16 ሚሊሜትር ነፍሱ እሱ ነው። ያንን ቅንጣት በኮምፒውተር አለስልሶ ፊትን ፕላስቲክ የሚያደርግ እድሳት ስንት አይቻለሁ፤ እዚህ የቆዳው ወዝ በቦታው ነው። የጥቁር ሰው ቆዳ በዚህ ፊልም አንድ ዓይነት አይደለም። ጠይሙ፣ ቀይ ዳማው፣ ጥቁሩ፣ ፀሐይ ያረፈበትና ጥላ የያዘው በየራሱ ይለያል። ቀትር ላይ የተነሡት ትዕይንቶች ዓይን ያስጨፍናሉ።

ቆርቆሮውስ! ኪንግስተን ውስጥ ግቢው የሚታጠረው በቆርቆሮ ነው፤ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ። በፍላሹ ቅጂ ግራጫ ነገር ሆኖ ያለፈው አሁን ዝገቱ በየመስመሩ ይቆጠራል፤ ምስማሩ የገባበት ቀዳዳ፣ ከላዩ የወረደው ቡናማ ውኃ፣ ተነቅሎ እንደገና የተመታው ጠርዝ። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚሁ ልደታ በቆርቆሮ አጥር መካከል ያደጉ አንዲት ጎረቤታችን ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ አንሶላው ተጠጉ። «ይሄማ የእኛ ግቢ ነው» አሉ፤ ደጋግመው አሉ። ምስል ሲጠራ የሚያደርገው ይህን ነው። ጥራት ስል የባለሙያ ጭቅጭቅ የሚመስለው ሰው ካለ፣ እኚያን እናት ባያቸው ኖሮ እላለሁ።

ይህ ፊልም ለኢትዮጵያዊ ደግሞ ሌላ በር አለው። ኢቫንን የሚደብቀው ፔድሮ ራስታ ነው፤ የሚጫወተውም ራስ ዳንኤል ሃርትማን የተባለ እውነተኛ ራስታና ሠዓሊ ነው። ራስታዎች የሚያከብሯቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን የገቡት ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ነበር፤ አውሮፕላን ማረፊያው በሕዝብ ከመጨናነቁ የተነሣ መውረድ ተቸግረው ነበር። ፊልሙ የተቀረጸው ያ ቀን ገና በሰው አፍ ባለበት ሰዓት ነው። በጊዜው ራስታ በጃማይካ የሚሳደድ፣ የሚናቅ ሰው ነበር። ሄንዜል ግን በፊልሙ ውስጥ ካሉት ሁሉ ቀና አድርጎ ያቆመው ፔድሮን ነው። ልጁ ታሞ፣ ፖሊስ የጋንጃ ንግዱን ዘግቶ ሲያስርበው እንኳ ጓደኛውን አሳልፎ አይሰጥም።

ከማጀቢያዎቹ አንዱ የሜሎዲያንስ «ሪቨርስ ኦቭ ባቢሎን» ነው። ከመዝሙረ ዳዊት 136 የተወሰደ ነው፤ ልደታ ማርያም ደጀ ሰላም ዳዊት የሚደግም ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው። ሜሎዲያንስ ግን በመዝሙሩ ውስጥ ንጉሣችንን አስገብተውታል። ዘፈኑን ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ ከዚህ ፊልም ምስል ጋር ስሰማው ግን የምርኮ ዜማ መሆኑ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። በነገራችን ላይ የፊልሙ አልበም እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከሚጠብቃቸው የድምፅ ቅርሶች አንዱ ሆኗል። ይገባዋል፤ ዴዝመንድ ዴከር፣ ስሊከርስ፣ ቱትስ፣ ክሊፍ በአንድ ሸክላ ላይ! ሬጌን ከቦብ ማርሊ በፊት ለብዙው ዓለም ያደረሰው እሱ ነው።

እንከን የለውም አልልም። ካሜራው በእጅ ስለሚያዝ አንዳንዴ ትኩረቱ ያመልጣል፤ ያንን የትኛውም ቅኝት አይመልሰውም። ድምፁ ሞኖ ነው፤ እሱ ግን ቅር አላሰኘኝም፣ ቤዙ እንደሆነ አንሶላችንን አወዛውዟል። የኪንግስተን እንግሊዝኛ ደግሞ ለአሜሪካውያንም ከብዷቸው እዚያ ሲታይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሥሩ ተጽፎለት ነበር፤ እናንተም አብሩት፣ አትፈሩ። ሕፃናትን ግን አስተኙ።

በዚያ ዘመን የወንጀል ፊልምና ሙዚቃ ማጋባት በሌላም ቦታ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» እዚህ አገራችን ድረስ መጥቶ ተቀርጿል፤ ደበበ እሸቱም ተውኖበታል፤ ጆኒ ፔት ከሠራው ሙዚቃ አንዱ «አዲስ» የሚል ቃል በስሙ ይዟል። እወደዋለሁ፣ ደበበን በዚያ ፊልም ማየት ያኮራል። ነገር ግን እዚያ ሙዚቃው ሰውዬውን ያጅበዋል፤ ኪንግስተን ላይ ሙዚቃው ሰውዬው ራሱ ነው።

ሦስቱ ዲስኮች ውስጥ የሄንዜል ሁለተኛ ፊልም «ኖ ፕሌስ ላይክ ሆም»ም አለ። ኔጋቲቩ ለአሥርተ ዓመታት ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ተገኝቶ ነው ያለቀው፤ ሄንዜል እ.ኤ.አ. በ2006 ከመሞቱ በፊት ለመጨረስ በቅቷል። ገና አላየነውም። ፕሮጀክተሩን ለመጪው ቅዳሜ እንደገና ለምነናል፤ ልደታ አካባቢ ያላችሁ ኑ፣ ወንበር ግን ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ።