በአማርኛ ስለሚደረጉ የቋንቋና የአንጎል ሙከራዎች

የሰው አንጎል ቋንቋን እንዴት እንደሚረዳ ለመመርመር መነሣት ለተማሪ የተከለከለ ሥራ አይደለም፤ የሚከብደው ጥያቄውን አስተካክሎ መጠየቅ ነው። እዚህ የምንተቸው አንድ ልማድ ነው፤ ይኸውም በባዕድ ቋንቋ የታቀደውን ሙከራ ቃሉን ብቻ ወደ አማርኛ መልሶ ለአገራችን ሰው ማቅረብ ነው።

ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ በ1980 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያወጡት ምርምር ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። ሁለቱ ሊቃውንት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮችን አንድ በአንድ ቃል እያሳዩ፣ የመጨረሻው ቃል በትርጉሙ ከቀደሙት ጋር ሳይስማማ ሲቀር፣ በራስ ቅል ላይ የሚለካው የኤሌክትሪክ ሞገድ ቃሉ ከታየ 400 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ለውጥ እንደሚያሳይ አስረዱ። ሥራቸው የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነው።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ የምትገኘውን፣ ገብስ የሚበቅልባትን ዳባትን እናስብ። «ገበሬው ገብሱን በሸማ አጨደ» ብንል፣ በእንግሊዝኛ ቢሆን እንግዳው ቃል «ሸማ» መጨረሻ ላይ በመጣ ነበር። በአማርኛ ግን «በሸማ» ሲነበብ ገና ምንም አልተበላሸም፤ «በሸማ ሸፈነ» ሊባል ይችላልና። ስሕተቱ የሚገለጠው በግሡ ላይ ነው። ግሡ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋ ስለሆነ፣ አንባቢው የሚዘገየው ትርጉሙ ስለ ከበደው ይሁን ሐሳቡን ስለሚያጠቃልል መለየት አይቻልም።

መድኃኒቱ ግን ሩቅ አይደለም። «ገበሬው ገብሱን በማጭድ ሲያጭድ ልጁ ውሃ አመጣለት» የሚለውን «በሸማ ሲያጭድ» ከሚለው ጋር እናወዳድር። የሚለካው ቃል በሁለቱም አንድ ነው፤ መጨረሻም ላይ አይደለም። ግማሾቹ አንባቢዎች አንዱን፣ ግማሾቹ ሌላውን ያንብቡ፤ ሁለቱንም የሚያይ ሰው አይኑር።

ሁለተኛው ጉድለት ከፊደላችን ጋር የተያያዘ ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው። ጽሕፈቱ ይህን አይለይም። እንዲህ ያሉ ቃላት ሳይመረጡ ከተደባለቁ ውጤቱ ይደፈርሳል፤ ሆን ተብለው ከተመረጡ ግን እንግሊዝኛ የማይሰጠን የምርምር ርእስ ይሆናሉ።

ሦስተኛው ሰውን ሳያውቁ መለካት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1996 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በዳባት ያቋቋመው የጤናና የሥነ ሕዝብ መከታተያ ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ መነሻው እያንዳንዱን ቤተ ሰብ ማወቅ ነበር። የእኛም ሙከራ ከዕድሜ፣ ከትምህርትና ከንባብ ልምድ መጀመር አለበት። ያለዚያ ዘግይቶ ፊደል የቆጠረውን ገበሬ ከኮሌጅ ተማሪ ጋር አስተያይተን፣ የንባብ ልምምድ ማነስን የአንጎል ድክመት ብለን እንጽፋለን። ይህ የቁጥር ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ሰውን ያለ ጥፋቱ ማዋረድ ነው።

በመጨረሻም፣ የአንጎል ሞገድ መለኪያ የለንም ብለን እጃችንን አናጣጥፍ። አንባቢው ቁልፍ እየተጫነ አንድ በአንድ ቃል ሲያነብ፣ በእያንዳንዱ ቃል ላይ የቆየበትን ጊዜ ተራ ኮምፒዩተር ሊመዘግብ ይችላል። ነገር ግን የለካነው የጣትን ፍጥነት እንጂ አንጎልን እንዳልሆነ በግልጽ እንጻፍ። መምህራኖቻችንም የተማሪን ዕቅድ ሲመረምሩ ስለ መሣሪያው ከመጠየቃቸው በፊት «ይህ ዓረፍተ ነገር የተጻፈው ለየትኛው ቋንቋ ነው?» ብለው ቢጠይቁ ብዙ ድካም ይቀርልን ነበር።