ሐኪም የመሐንዲስን መጽሐፍ ሲያነብ

ልጄ የሲቪል ምሕንድስና ትምህርቷን ሁለተኛ ዓመት ስትጀምር የግንባታ አስተዳደርንም ልትጨምርበት እንደ ወሰነች ነገረችኝ። እኔም ሳላስብበት «ምሕንድስናውስ ይሁን፤ የሲሚንቶ ከረጢት ለመቁጠር ግን ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል ወይ?» አልኋት። አልመለሰችልኝም። ስትሄድ አንድ መጽሐፍ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትታልኝ ሄደች።

መጽሐፉ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና መምህር የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ያረፈው ሄንሪ ፔትሮስኪ በ1985 ያሳተመው ነው። ርእሱ «መሳሳት የሰው ነው» የሚለውን የቆየ ብሂል አዙሮ «መሐንዲስነት የሰው ነው» እንደ ማለት ያለ ነው። እኔ በወጣትነቴ ለሕክምና ትምህርት ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ተልኬ፣ ሀገር ሲለወጥ በዚያው በስደት የቀረሁ ሐኪም ነኝ። ስለ ብረትና ስለ ኮንክሪት የማውቀው የመንገድ ሥራ ፎርማን ከነበረው አባቴ የሰማሁትን ብቻ ነው። ይሁንና መጽሐፉን በሁለት ሌሊት ጨረስሁት።

ፔትሮስኪ የሚነሣው አንድ ጎረቤቱ ካቀረበለት ጥያቄ ነው፦ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ሊሆን ይችላል? የተጠየቀው ሐምሌ 17 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. በካንሳስ ሲቲ ሐያት ሪጀንሲ ሆቴል ስለ ደረሰው አደጋ ነው። በዚያ ምሽት ሕዝቡ በሆቴሉ ሰፊ አዳራሽ ለዳንስ ተሰብስቦ ሳለ ከጣሪያው ተንጠልጥለው የነበሩት የአራተኛውና የሁለተኛው ፎቅ መተላለፊያዎች ተያይዘው ወደቁ። 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ።

መንሥኤው ለእንደኔ ያለው መሃይም እንኳ የሚገባ ነው። በመጀመሪያው ንድፍ ከጣሪያው የሚወርደው ረጅም የብረት ዘንግ በአራተኛው ፎቅ መተላለፊያ ውስጥ አልፎ እስከ ሁለተኛው ይደርስ ነበር። ሁለቱም መተላለፊያዎች ዘንጉን የሚይዙት በየራሳቸው ዳዶ ነበር። በሥራው ጊዜ ግን ረጅሙ ዘንግ ለሠሪው አስቸጋሪ ስለ ሆነ በሁለት አጫጭር ዘንጎች ተለወጠ፤ አንዱ ከጣሪያ እስከ አራተኛው፣ ሌላው ከአራተኛው እስከ ሁለተኛው። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ነገር ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥለው እያንዳንዱ ገመዱን በራሱ እጅ ቢይዝ አንድ ነገር ነው፤ የታችኛው ገመዱን ትቶ የላይኛውን እግር ቢይዝ ግን ሌላ። የላይኛው እጅ የሁለት ሰው ክብደት ይሸከማል። የአራተኛው ፎቅ ዳዶና ያረፈበት ብረት የሆኑት ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ እንኳ የከተማው ደንብ ከሚጠይቀው አቅም 60 በመቶ ገደማውን ብቻ የሚሸከም እንደ ነበረ በኋላ በምርመራ ታወቀ።

የፔትሮስኪ ዋና ሐሳብ እያንዳንዱ አዲስ ሕንፃ መላ ምት ነው፤ ቆሞ እስካለ ድረስ ገና አልተረታም ማለት ብቻ ነው የሚል ነው። ለሐኪም ይህ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። እኛም በሽታውን በመላ ምት ይዘን እንነሣለን። ሆኖም አንድ ቅሬታ አለኝ። የእኔ በሽተኛ ከመቀደዱ በፊት አደጋው ተነግሮት ይፈርማል። በዚያ አዳራሽ የሚደንሱት ባልና ሚስት ግን በማን መላ ምት ሥር እንደ ቆሙ የነገራቸው የለም። ፔትሮስኪ ውድቀት ያስተምራል ሲል የትምህርቱን ዋጋ የሚከፍለው ተማሪው አለመሆኑን እንደሚያውቅ አልጠራጠርም፤ አነጋገሩ ግን አንዳንድ ቦታ ለሟች እጅግ የተረጋጋ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከዚህ ይከብዳል። መጽሐፉ ስለ ንድፍ የተጻፈ ነውና የጸሐፊው ዓይን አዘውትሮ በንድፍ አውጪው ላይ ያርፋል። የካንሳስ ሲቲው ዘንግ ግን የተቆረጠው በንድፍ አውጪውና በሠሪው መካከል ባለው ስፍራ ነው። የለውጡ ሐሳብ የመጣው ከብረት ሠሪው ወገን ነበር፤ የሥራው ሥዕል ወደ መሐንዲሱ ቢሮ ሄዶ የማጽደቂያ ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰ፤ አዲሱን መጋጠሚያ ቁጭ ብሎ ያሰላው ግን አልነበረም። በኋላ በሚዙሪ ሁለት መሐንዲሶች የሙያ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ለውጥን መመዝገብ፣ ማን እንዳየውና ማን እንዳሰላው መጠየቅ፣ ያልተሰላ ሥዕል ወደ ሥራ እንዳይወርድ ማገድ፤ ልጄ ልትጨምረው ያሰበችው ትምህርት ይኸው ነው። እኔ ከረጢት መቁጠር ያልሁት።

ማፈሬን ያበዛው ነገሩን ከራሴ ሙያ ማወቄ ነው። በአንድ ሆስፒታል ሳለሁ በሌሊት በስልክ ያዘዝሁት የመድኃኒት መጠን በሌላ ቁጥር ተጽፎ አደረ። በሽተኛው ተረፈ። በማግሥቱ ስንመረምር የእኔም እውቀት የነርሷም ትጋት አልጎደለም፤ የጎደለው የሰማችውን ቁጥር መልሳ እንድታነብልኝ አለመጠየቄ ነበር። በሕክምና ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት ስቀመጥ ስለዚህች መልሶ ማንበብ አንድም ሰዓት አልተማርሁም።

ከምዕራፎቹ ሁሉ ዛሬ ይበልጥ የሚነበበው ስለ ኮምፒዩተር የተጻፈው ይመስለኛል። በጥር 1978 እ.ኤ.አ. በሃርትፎርድ ከተማ የስፖርት አዳራሽ ጣሪያ በበረዶ ክብደት ወደቀ፤ ከጥቂት ሰዓታት በፊት የቅርጫት ኳስ ተመልካች ሞልቶበት ነበር። ጣሪያው የተሰላው በኮምፒዩተር ነበርና መሐንዲሶቹ ቁጥሩን አልተጠራጠሩም። ፔትሮስኪ ይህን የጻፈው የልጄ እኩዮች ሳይወለዱ ነው። (በመጽሐፉ መካከል የኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ግጥም መግባቱንም ወድጄዋለሁ፤ ገጣሚው ሐኪም ስለ ነበረ አድልቼ ይሆናል።)

ወደ ሀገራችን ስመለስ ሐሳቤ ይጨልማል። የሕንፃ ኮሌጁ ከስዊድን መንግሥት ጋር በ1954 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ የምሕንድስና ተማሪ የሚቀበሉት ዩኒቨርሲቲዎችም በዝተዋል። በጥር 2002 ዓ.ም. የጊልጌል ግቤ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ 26 ኪሎ ሜትር ከሚሆነው ዋሻው ከፊሉ ተደረመሰ። ተጠግኖ ሥራ ጀመረ፤ እሰየው። ነገር ግን በካንሳስ ሲቲ የመንግሥት መርማሪዎች ዘንጉን መዝነው፣ መጋጠሚያውን በቤተ ሙከራ ሰብረው፣ ያገኙትን ለሕዝብ አሳተሙ፤ ከአርባ ዓመት በኋላም የእኔ ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ትማርበታለች። ስለ ዋሻችን እንዲህ ያለ፣ ለተማሪ የሚሰጥ መጽሐፍ በአማርኛ እስከ ዛሬ እጄ አልገባም። ፔትሮስኪ ውድቀት መምህር ነው ሲል መምህሩ ክፍል ገብቶ እንዲናገር የተፈቀደለትን ሀገር ይዞ ነው የሚናገረው።

አባቴ ማታ ማታ በፋኖስ ብርሃን የዕለቱን ሥራ በደብተር ይጽፍ ነበር፤ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደ ገባ፣ ስንት እንደ ተቦካ፣ ዝናብ በስንት ሰዓት እንደ ጀመረ፣ መሐንዲሱ ምን ለውጥ እንዳዘዘና ማን ቆሞ እንደ ሰማ። እኛ ልጆቹ እንስቅበት ነበር። እኔም ሐኪም የሆንሁት ከዚያ ደብተር ለመሸሽ ጭምር ነው።

መጽሐፉን ስመልስላት ለልጄ ይህን ነገርኋት። «አባዬ፣ ደብተሮቹ የት አሉ?» አለችኝ። አብዛኞቹ ጠፍተዋል። አንዱ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ ስላለ እንድትልክልኝ ደውዬላታለሁ።