ሳይከር፣ ሳይላላ

ስለ ጋቢ ሲወራ የሚመሰገነው አብዛኛውን ጊዜ ሸማኔው ነው። ይገባዋልም፤ ድሩን ያደራው፣ መወርወሪያውን ያመላለሰው እሱ ነው። ጋቢ የሚሞቀው ግን በማጉ ነው፤ ማጉን የሚፈትሉት ደግሞ ሴቶች ናቸው። እናቴ የፈተለችው ጋቢ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። ጥለት የለውም፤ ከሩቅ ሲያዩት ተራ ነጭ ልብስ ነው። ሥራውን ማየት የፈለገ ሰው ቀረብ ብሎ በሁለት ጣቱ መዳበስ አለበት።

እናቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። አባታችን ሲሞት ታናሽ እህቴ ገና ድክ ድክ አላለችም፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱ የቆመው በእናቴ ደመወዝና በእንዝርቷ ነው። ቀን ታስተምራለች፤ ማታ ደብተር አርማ ስትጨርስ ትፈትላለች። ጎረቤቱ ሁሉ "ቀጭን ፈታይ" ይላት ነበር። ቀጭን ክር የነጠላ ነው። የጋቢ ማግ ግን ወፈርና ለስለስ ማለት አለበት፤ ቀጭን የለመደ እጅም ወፍራሙን እኩል አድርጎ መፍተል ይከብደዋል። ክሩ ከከረረ ጥጡ ይታመቅና ልብሱ ይደርቃል። ከላላም ሸማኔው እጅ ሳይደርስ ይበጠሳል። ሙቀት የሚይዘው በጥጡ መሀል የሚቀረው አየር ስለሆነ፣ ትልቁ ጥበብ ማክረሩን የት ላይ ማቆም እንደሚገባ ማወቅ ነው።

ይህ ጥበብ የሚጀምረው ከእንዝርቱ በፊት ነው። ጥጡ ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል፤ ከዚያ በደጋን ይነደፋል። እናቴ ደጋኑ ላይ ቸኩላ አታውቅም፤ በደንብ ያልተነደፈ ጥጥ ክሩን ጉብ ጉብ ያደርገዋል። ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቱን ታሾረዋለች፤ ክሩ እየረዘመ ይመጣል፣ ይጠቀለላል፣ እንደገና ይረዝማል። ሲበጠስባት አትቋጥረውም። የሁለቱን ጫፍ ጥጥ ፈታ አድርጋ ታደራርብና አብራ ታሾረዋለች። ስለዚህም ጋቢው ላይ ቋጠሮ ፈልጌ አላገኘሁም። ሸማኔው ድውሩን በጣቶቹ መሀል አሳልፎ ሲያበቃ፣ "እትዬ፣ ይሄ እኮ ባንድ ቀን የተፈተለ ነው የሚመስለው" አላት። የስንት ወር ማታ ሥራ ነበር።

ያው እጅ ጥቁር ሰሌዳም ላይ ይሠራ ነበር። ፊደል ስታስተምር ጠመኔውን ተጭና አትጽፍም። የ"ለ"ን ቤት ስትጽፍ የካዕቡ ቅጥል ከወገቡ፣ የሣልሱ ከእግሩ እንደሚወጣ በዝግታ ታሳያለች። "ሩ" እና "ፉ" ጋ ስትደርስ፣ እነዚህ ከደንቡ እንደሚወጡ ነግራ ለብቻቸው ታስጽፋለች። ልጆቹ ደንቡን ከነአፈንጋጩ ስለሚይዙት ኋላ አይደናገሩም።

በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ማታ ማታ ቀበሌ ሄዳ ጎልማሶችን አስተማረች። በሕይወታቸው እርሳስ ነክተው የማያውቁ ሰዎች እርሳሱን እንደ እርፍ ጨብጠው ወረቀቱን ይቀድዱታል። አንዲት አሮጊት እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይታ፣ "ላላ ያድርጉት እማማ፤ እርሳሱ አይሸሽም" አለቻቸው። ሴትዮዋ ሳቁ፤ እጃቸውም ተፈታ። ይህን የምታውቀው ከእንዝርቷ ይሁን ከክፍሏ እንጃ፤ ብቻ ምን ያህል መያዝ፣ መቼ መልቀቅ እንደሚገባ እጇ ያውቅ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ጋቢው ላይ ያለ አንድ ጉድለት ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ከውስጥ ባለው ድርብ ላይ አንድ ስንዝር የሚያህል ቦታ ሲዳበስ ይሻክራል፤ ማጉ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል፣ አንዳንድ ቦታም ከሮ እንደ ሲባጎ ይጠነክራል። ያ የታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ፈትል ነው። እናቴ አልጣለችውም። ለሸማኔው ድውሩን ስትሰጥ ያንን ለብቻው ለይታ፣ ሲታጠፍ ወደ ውስጥ በሚገባው በኩል እንዲሸመን ነገረችው። እህቴ ያን ጋቢ ስትለብስ የራሷ ክር እንዳለበት ታውቃለች፤ የለባሹ ቆዳ ላይ ግን አይሻክርም። የተማሪን ስህተት ሳይጥሉ፣ ለዓይን ሳያጋልጡ፣ ቦታ ፈልጎ ማስቀመጥ እንዲህ ነው። ስለ ማስተማር ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ከዚያች ስንዝር ጨርቅ የበለጠ ያስተማረኝ የለም።

ብቻዋን ልጆች ያሳደገች ሴት ብትከር ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን እንደ ማጓ ነበረች፤ ጠንካራ ናት፣ አትሻክርም።

ዛሬ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ ጥሩ ጋቢ የሚባለው ግን አሁንም ማጉ በእጅ የተፈተለው ነው። ጋቢ ስትገዙ ጥለቱን ብቻ አይታችሁ አትከራከሩ። ማጉን ዳብሱ፣ ማን እንደፈተለችው ጠይቁ፣ ከምትከፍሉት ዋጋ ለፈታይዋ ምን ያህል እንደሚደርሳትም አጣሩ። እጇ ዋጋ አለው።