«ሁለተኛ ደረጃ ራስ ምታት» ስለሚባለው ስያሜ

ወደ አማርኛ በተተረጐሙ የሕክምና ጽሑፎች «የመጀመሪያ ደረጃ ራስ ምታት» እና «ሁለተኛ ደረጃ ራስ ምታት» የሚሉ ስያሜዎች ይገኛሉ። ቃል በቃል ሲታዩ ትክክል ይመስላሉ፤ ፅንሰ ሐሳቡን ግን ገልብጠውታል።

የዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው፣ በ2018 ሦስተኛ እትሙ በታተመው ምደባ መሠረት፣ ፊተኛው እንደ ማይግሬን ያለውን፣ ከሌላ ደዌ የማይመነጨውን ሕመም ይመለከታል፤ ኋለኛው በአንጎል ዕጢ፣ በአንጎል ደም መፍሰስ ወይም በማጅራት ገትር ሰበብ የሚመጣውን ያመለክታል።

«ደረጃ» በአማርኛ የማዕርግና የክብደት መለኪያ ነው። «ሁለተኛ ደረጃ» የተባለው ከአንደኛው ያነሰ ይመስላል። ሕመምተኛው አስጊውን ቀላል ነው ብሎ ቢዘናጋ ጥፋቱ የተርጓሚው ነው። «ቀዳማይ»፣ «ዳግማይ» ማለትም የግዕዝ ልብስ ማልበስ እንጂ ተራ ቁጥሩን ማስወገድ አይደለም።

መፍትሔው በቋንቋው ውስጥ አለ። «ውኃ ወለድ በሽታ» ብለን ምንጩን እንደምንገልጽ ሁሉ፣ «ደዌ ወለድ ራስ ምታት» ብንል ምክንያቱ ከስሙ ይነበባል፤ ተጓዳኙም «ራሱን የቻለ ራስ ምታት» ይሆናል። ስያሜው ለፊት ሕመምም ያገለግላል። ብዙ ጊዜ ከጥርስ ሕመም ጋር የሚምታታው የአምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ሕመም፣ ነርቩን ዕጢ ሲጫነው ወይም መልቲፕል ስክለሮሲስ ሲጐዳው «ደዌ ወለድ» ሊባል ይችላል።

በአደጋ ምክንያት የሚመጣውን ራስ ምታት «ደዌ» አያካትትም የሚል ተቃውሞ ቢነሣ ተገቢ ነው። ሆኖም የሚጠብ ስያሜ ከሚያሳስት ስያሜ ይሻላል፤ የተሻለ ያለው ያቅርብ።