ቁጥሩ ስለ ማን ይመሰክራል? የአርሲን የሕዝብ ቆጠራና ድህነትን አያይዘን ስለምናነብበት መንገድ

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ በአርሲ ዞን 2,637,657 ነዋሪዎችን መዝግቧል። ከእነዚህ ውስጥ 58 በመቶ ያህሉ ሙስሊሞች ናቸው። ይኸው ቆጠራ በዞኑ ርእሰ ከተማ በአሰላ የመዘገበው 67,269 ነዋሪ ሲሆን፣ በከተማዋ የሙስሊሙ ድርሻ 23 በመቶ አይሞላም፤ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ነዋሪ የኦርቶዶክስ ክርስትና ተከታይ ነው። አንደኛው አኃዝ «ብዙኃኑ እኛ ነን» ለማለት፣ ሁለተኛው ደግሞ «ተገፍተናል» ለማለት በኹጥባም በጽሑፍም ሲጠቀስ ይሰማል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ይህን አነባበብ ነው። ስለ ሃይማኖት ብዛት የተሰበሰበ ቁጥር ስለ ድህነት እንዲመሰክር ይጠራል፤ በዚያ ጉዳይ ግን ምስክርነቱ ተቀባይነት የለውም።

መቁጠር ለእስልምና ባዕድ አይደለም። ሑዘይፋ ኢብኑል የማን (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) እስልምናን የተቀበሉ ሰዎች እንዲጻፉላቸው አዝዘዋል። ኢማም አል-ቡኻሪ ባሰፈሩት አንድ ዘገባ ቁጥሩ 1,500 ነው፤ በሌሎቹ መንገዶች ግን 500፣ እንዲሁም ከ600 እስከ 700 ይላል። የሐዲስ ሊቃውንት ልዩነቱን አልደበቁትም፤ ዘጋቢዎቹን ለይተው፣ በእያንዳንዱ ቁጥር እነማን ተካተው ሊሆን እንደሚችል መረመሩ። የሐዲሱ ፍጻሜም አስተማሪ ነው፤ በብዛታቸው ተማምነው የነበሩት ሰዎች ፈተና በመጣ ጊዜ ብቻቸውን በፍርሃት እስከ መስገድ ደርሰዋል። ከሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ያቋቋሙት ዲዋንም ስሞችን የመዘገበው ለእያንዳንዱ የሚገባውን ድርሻ ለማድረስ ነበር። እንግዲህ ማን ቆጠረ፣ ማንን ቆጠረ፣ ለምን ቆጠረ ብሎ መጠየቅ ከራሳችን ሊቃውንት የወረስነው ሥርዓት ነው።

በዚህ ሥርዓት ብንሄድ መጀመሪያ የምናየው፣ አሰላ ከመቶ የዞኑ ነዋሪ ሦስቱን እንኳ የማትይዝ መሆኗን ነው። ከዞኑ ሕዝብ 88 በመቶ ያህሉ የሚኖረው በገጠር ነው። የከተማዋና የገጠሩ ስብጥር የተለያየበት ምክንያትም ታሪካዊ ነው፤ አርሲ በ1870ዎቹ በምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ የአስተዳደር ከተሞች ከዙሪያቸው ገጠር የተለየ ነዋሪ አሰባስበዋል። ስለዚህ አንዱ አኃዝ ስለ ሌላው ሊናገር አይችልም። ቆጠራውም አርጅቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ቢደነግግም፣ ለ2010 ዓ.ም. የታቀደው አራተኛው ቆጠራ ተላልፎ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተራዝሟል። በ1999 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ዛሬ ለአካለ መጠን ደርሷል።

ስለ ድህነት የሚናገረው ሰነድ ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት የድህነትን መስመር ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር አድርጎ ወስዷል። ከዚያ በታች የሚኖረው ሕዝብ በአገር ደረጃ 23.5 በመቶ፣ በኦሮሚያ 23.9 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ በአገሪቱ ገጠር 25.6፣ በከተማ ደግሞ 14.8 በመቶ ነው። ይህ ጥናት በናሙና ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ስለ ክልሎች እንጂ ስለ አንድ ቀበሌ አይናገርም። ሁለቱን ሰነዶች አጋጥሞ «የአርሲ ሙስሊም ከጎረቤቱ ይልቅ ደሃ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ መደምደም መሠረት የለውም። የገጠሩ ሙስሊም ቢቸገር፣ ችግሩ ከእርሻ መሬት ጥበት ነው? ከመንገድ ርቀት? ከዝናብ እጥረት? ወይስ ከሃይማኖቱ የተነሣ ከደረሰበት በደል? ሠንጠረዦቹ ይህን አይለዩም። በጭላሎ ተራራ ዙሪያ ስንዴና ገብስ የሚዘራው ደገኛና ድርቅ የሚደጋግመው የዶዶታ ቆለኛ በአንድ የዞን አማካይ ሲጠቀለሉ ደግሞ የሁለቱም ኑሮ ይጠፋል።

አማካይ ምን እንደሚሰውር አርሲ ቀደም ብሎ አይቷል። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በስዊድን ድጋፍ ሥራ የጀመረውና ማዕከሉ አሰላ የነበረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር አቀረበ፤ ምርቱም አደገ። የትራክተር እርሻ ትርፍ እያየለ ሲሄድ ግን ባለርስቶች ጭሰኞቻቸውን ከመሬት ማስነሣት ጀመሩ። ይህንንም ካዱ ራሱ ያሳተማቸው ጥናቶች መዝግበውታል። በሔክታር የተገኘውን ኩንታል ብቻ ያነበበ ሰው ብልጽግና ያያል፤ የተነሣው ጭሰኛ ግን በሔክታሩም በኩንታሉም ውስጥ የለም።

ታዲያ ቆጠራውን እንተወው? አንተወውም። የሃይማኖቱን ሠንጠረዥ አይተን የምንዘጋው መጽሐፍ ሌሎች ሠንጠረዦችም አሉት፤ ማንበብና መጻፍ የሚችሉት፣ ትምህርት ቤት የገቡት፣ አካል ጉዳተኞች፣ ወላጆቻቸውን በሞት ያጡ ልጆች፣ የመኖሪያ ቤቱ ዓይነት፣ የመጠጥ ውኃው ምንጭ በውስጡ ተመዝግበዋል። ለመምህሩና ለኢማሙ ሥራ እነዚህ ይቀርባሉ። በሱረቱ አት-ተውባህ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች ቀድመው የተጠቀሱት ድሆችና ሚስኪኖች ናቸው፤ የትኛው መንደር ውኃ እንደራቀው፣ የትኛው ቀበሌ የቲም እንደበዛበት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ፍለጋውን ከየት እንደምንጀምር ይጠቁማል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የጀማዓው ነው። በሱረቱ አል-በቀራህ ከልመና በመቆጠባቸው ምክንያት የማያውቃቸው ሰው ባለጸጋ የሚያደርጋቸው ድሆች ተወስተዋል። እነዚህን ጎረቤት እንጂ ቆጣሪ አያገኛቸውም። የየመስጂዱ የዘካ ኮሚቴ በየሰፈሩ የቤተሰቡን ብዛት፣ የገቢውን ምንጭና የታመመውን ሰው መዝግቦ በየዓመቱ ሊያድሰው ይገባል፤ መዝገቡ የሰዎች ገመና ስለሆነም በአደባባይ አይነበብም። ዘካን በሚመለከት አብዛኞቹ ፉቀሃዎች ለሙስሊሙ ቢወስኑትም፣ የበጎ ፈቃድ ሰደቃ ሙስሊም ላልሆነ ጎረቤትም እንደሚፈቀድ ይታወቃል። ከአራት ነዋሪ ከሦስት የሚበልጠው ሙስሊም ባልሆነበት በአሰላ ይህ ፍርድ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። የእምነት ስብጥሩ አኃዝ ሊያስታውሰን የሚገባው አጠገባችን ማን እንደሚኖር ነው፤ ማን እንደተራበ ለማወቅ ግን በሩን ማንኳኳት ይቀራል።